የእማማ ሞዛ ማንኪያ

አርብ ከቀትር በኋላ ሁለት ሰዓት የኔ ናት፤
ልጁ ይጠብቃል በተራው፣ ትተኛለች እናት።
በሙሐረቅ ጠባብ መንገድ፣ ከዓሣ ተራው ጀርባ፣
አውሮፕላን ጣራ ሊነካ ዝቅ ብሎ ሲገባ፣
አንድ በር አለ ክፍት፣ ማንነቱን የማይጠይቅ የገባውን፤
ድሮ ጀልባ የታነጸበት፣ ዛሬ ሰው የሚያንጽበት ያሰበውን።

ሦስት ማተሚያዎች አሉ፣ ወረቀት የማያትሙ፣
የፕላስቲክ ክር አቅልጠው፣ ደርበው ዕቃ የሚያቆሙ፤
እንጨት በብርሃን የሚቆርጥ ሣጥን፣ ጢሱ የሚያስነጥስ፤
ግድግዳው ላይ የጥንት መጋዝ፣ ጥርሱ ገና የሚነክስ።

በገባሁበት ቀን ጠራጊ የመሰልኳቸው መስሎኝ፣
መጥረጊያ ፍለጋ ዓይኔ ሲዞር፣ ሐሲና መነጽር ሰጠችኝ።
«ምን ልትሠሪ መጣሽ?» አለች።
ዐሥር ዓመት ዐረብ አገር ስኖር
እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የለም፤
«ምን ሠራሽ?» ነበር። «ለምን አልሠራሽም?» ነበር።

የእማማ ሞዛ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ሾርባው ካፋቸው ሳይደርስ
ደረታቸው ላይ ያርፋል።
እኔ ጣራውን አያለሁ፣ እስኪጠርጉት ቀስ በቀስ።
ላጉርስዎ ስላቸው ጥርሳቸውን ይገጥማሉ፤
«የባሕር አዛዥ ልጅ ነኝ፣ በሰው እጅ አልበላም» ይላሉ።

እናም፣ ማንኪያ አልኳት።
ኮምፒዩተሩ ላይ ተጎንብሰን መስመር በመስመር ሣልን።
የመጀመሪያው ከወገቡ ተሰበረ፤
ሁለተኛው እንደ ሰም ጎበጠብን፤
ሦስተኛው ደህና ነበር፣ ያጣመምኩት ግን ለግራ እጅ ሆኖ፤
ቢጁ፣ የሊፍት ጠጋኙ፣ ሳቀብኝ ግድግዳ ተደግፎ።
ከዚያ ማንኪያውን መዘነው በመዳፉ።
«ቀሎታል» አለ። ከኪሱ የብረት ኳሶች አወጣ፣
ከአሮጌ የሊፍት በር የተረፉ።
ጀልባ አናጺው ኡስታ ጁማ፣ ከጥግ ወንበሩ ሳይነሳ፣
«ጀልባም እንዲሁ ናት» አለ፤ «ሆዷ ባዶ የሆነ እንደሁ
ማዕበል ነው የሚያሳብዳት።»

አራተኛው። ቅዳሜ። የምስር ሾርባ።
እጃቸው ተንቀጠቀጠ፤ ማንኪያው ግን እንደ በቅሎ
እምቢ አለ፣ ረጋ አለ፤
ካፋቸው ደረሰ ሾርባውን ሙሉውን አዝሎ።
አላመሰገኑኝም። «ጨው አንሶታል» አሉ።
ዐሥር ዓመት የሰማሁት ነው፤
ያን ቀን ግን ቃሎቹ ምርቃት መሰሉ።

በወሩ ሐሲና ደወለች፦ ማንኪያውን ለአንድ ማለዳ አውሺኝ።
ማክሰኞ ልወስደው ስሄድ የመኪና ሰልፍ ጠበቀኝ።
ባለሥልጣናት መጥተዋል፣ ነጭ ልብስ፣ ሽቶ፣ ካሜራ፤
ስለ ነገዋ ከተማ ይወራል፣ ስለ ፈጠራ፣ ስለ ሥራ።
ማንኪያዬ መስታወት ሥር ተኝቷል፣ አምፑል በርቶለት፣
«የማኅበረሰቡ ግኝት» የሚል ወረቀት ተለጥፎለት።
ማኅበረሰቡ ማን እንደሆነ እኔም ማወቅ አማረኝ፤
ቢጁ ሊፍት ሊጠግን ሄዷል፣ ኡስታ ጁማ አንቀላፍቷል፣
እኔን ማንም አልጠየቀኝ።

ንግግሩ ረዘመ። ስድስት ሰዓት ከሩብ ሆነ፤
ደግሞ ሌላ ሰው ድምፅ ማጉያውን መታ መታ አደረገ።
እማማ ሞዛ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው፣
ሌላ ማንኪያ ቢቀርብላቸው እንደማይነኩት አውቃለሁ፤
ያውም ቤት እንግዳ እያለ።

ይቅርታ እያልኩ በነጫጭ ልብሶቹ መካከል አለፍኩ፤
መስታወቱን አነሳሁ፤ ማንኪያዬን በሻሼ ጫፍ ጠቀለልኩ።
አንዱ፣ ደረቱ ላይ ስሙ የተንጠለጠለ፣ «ወዴት?» አለኝ።
«ሾርባው ይቀዘቅዛል» አልኩት። ሌላ ቃል አልመጣልኝ።

ሥዕሉ እዚያው ቀርቷል፤ ያሻው ያትመዋል።
ቢጁ ለእናቱ አንድ ልኳል፣ ቀዩን።
የዓሣ ተራው ዘበኛ ደግሞ፣ ቀኝ ጎኑን ከመታው ወዲህ
በግራው የሚበላው፣
ያን የተሳሳትኩትን፣ ሦስተኛውን፣ ኪሱ ይዞት ይዞራል፤
ሳልፍ ያወጣውና፣ ከሩቅ፣ ያወዛውዝልኛል።