የዝውውር ደብዳቤ

የተዛወርነው ሁለት ነን፤ እኔ ከነደብዳቤዬ፣
የለውዝ መርዝ የሚለካው የአሥር ዓመት ዘዴዬ።
ደንገጎን ስንወርድ ጆሮዬ ተደፍኖ፣
አሮጌው ኮለምን በሻሼ ተጀቡኖ
ጉልበቴ ላይ ነበር፤ ሃያ አምስት ሳንቲ ሜትር፣
ሆዱ የላመ አሸዋ፣ ላዩ የብረት አጥር።

ሐረር ሳለን ሥርዓት ነበር፤ አራቱ መርዞች ተሰልፈው
እንደ ቀበሌ ወረፋ፣ አንዱ አንዱን ሳይገፋው፤
ክፉው ሁልጊዜ መጨረሻ፣ አሥራ አንደኛው ደቂቃ ላይ፣
ብዕሬን አነሳ ነበር ሰዓቴን እንኳ ሳላይ።

ድሬ ግን ማሽኑ አዲስ፣ ኮለምኑ ከስንዝር ያነሰ፤
ያመጣሁት አርጅቶ፣ ግፊት አልቻለም፣ አፈሰሰ።
የባቢሌን ለውዝ ፈጭቼ፣ አጥልዬ ብወጋበት
ስድስት ደቂቃ ሳይሞላ ሁለቱ ተቃቅፈው መጡ፣
እንደ አንድ ሰው ቆሙ፣ የየራሳቸውን ስም ሳይሰጡ።
ውጭ የኢድሪስ ሮብሌ መኪና ጆንያውን ጭኖ
ጅቡቲ ሊወርድ ቆሟል፣ በእኔ ወረቀት ተማምኖ።
«ማሽኑ ነው» አለ ጥገና። «ዘዴው ነው» አሉ አለቃ።
እኔ ነኝ እያልኩ አደርኩ፣ በወበቁ ስነቃ።

ሐረር ደወልኩ፣ ጡረታ ለወጡት ለአቶ ዋበር።
«ደቻቱ ድልድይ ላይ ቁሚ» አሉኝ፣ ስልኩ እየተቆራረጠ።
«ደመናው ደንገጎ ላይ ነው።
ወንዙ ገና ደረቅ ነው፣
ልጆች አሸዋው ላይ ኳስ ይዘዋል።
ጎርፉ መንገድ ላይ ነው።
አንቺ ያልለካሽው መንገዱን ነው።»

ኮለምኑን ነቅዬ፣ ቱቦን ከቱቦ አጋጥሜ
መዘግየቱን ለካሁ፣ ሰዓት ይዤ ቆሜ።
የሐረሩ ሆደ ሰፊ ነበር ለካ፣
የነገሩትን ይዞ የሚቆይ፤
የድሬው ሆዱ ጠባብ፣
ሳይጨርሱለት የሚያወራ።
ርዝመትን ለርዝመት አካፈልኩ፣ ፍሰቱን ቀነስኩ፣
ምድጃውን አርባ ላይ አሰርኩት፣ ድሬ እንኳ እንዳትበልጠው።
መነሻው ላይ
ምንም የማይለወጥባት
አንዲት ደቂቃ ጨመርኩ።

ማታ አራት ሆነው ወጡ።
ሰዓታቸው ሌላ ነው።
ከሐረር በብልቃጥ የያዝኩት ዱቄት ግን
የሐረር ቁጥሩን አልካደም።
የኢድሪስ ለውዝ አላለፈም፤
ክፉው ብቻውን ሲቆም ቁመቱ ታየ።
መኪናው ሞተሩን አጠፋ። አንድም ቃል አልተናገረኝም።

ደብዳቤዬን ከመሳቢያ አውጥቼ አነበብኩት፦
«እንደደረሰች ሥራ ትጀምር» ይላል፣ ከነማኅተሙ።
ስለዚያች አንድ ደቂቃ
የጻፈልኝ የለም።