ገጽ ዐሥራ ሰባት

ሊንከን ከተማ ላይ ሌሊቱ ሲጋመስ፣
ቁልፌን አንጠልጥዬ፣ መጥረጊያ ይዤ ስደርስ፣
የገዥዋ ቢሮ ይጠብቀኛል፤
አዲስ ምንጣፍ፣ አዲስ ቀለም ይሸተኛል።
ወይዘሮ ኖቫቼክ ከማሉ ይኸው ሦስት ሳምንቱ፤
በሩ ላይ የስማቸው ገና አልደረቁም ፊደላቱ።

ጠረጴዛቸው ላይ አንዲት ቀጭን ጥራዝ፣ ሽፋኗ ሰማያዊ፤
ያመጧት ሊንድኲስት፣ ጡረተኛው መምህር፣ የገበያው ባሕታዊ።
አርባ ዓመት ሙሉ የተናገሩት አንድ ነገር ነው፦
«ዋጋ ወሬ ነጋሪ ነው፣ ምላሱን አትቁረጡት፤
የጠፋውን ይጠራል፣ የተረፈውን ይሸኛል፣ ብቻ ተዉት።»
አራት ገዥ ሰምቷቸዋል፣ ራሱን እየነቀነቀ፤
አራቱም እስከ ሊፍቱ ሸኟቸው፤ ምክሩ ኮሪደር ላይ አለቀ።
ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

አምስተኛዋ ግን ጀምረዋል፤ ምስክሩ እኔ ነኝ፤
ምልክት ሰክተዋል መሐሏ፣ የበቆሎ መጋዘን ደረሰኝ።
ሰኞ ገጽ አራት። ረቡዕ ዐሥራ አንድ። ዐርብ ዐሥራ ሰባት፤
ጠርዙ ላይ በእርሳስ «እውነት?» የሚል ተጽፎበት።

ጎሽ አልኩ በሆዴ። ገጽ አርባ ሁለት ላይ አለች ባለቤቴ፤
ስሟ ባይጻፍም እሷ ናት፤ ታሪኩ የኔው ነው፣ የቤቴ።
በሽተኛ ለማመላለስ፣ ሽማግሌ ወደ ኩላሊት እጥበት ለመውሰድ፣
«ፈቃድ ጠይቂ» ይላል ሕጉ፤ ከማን? ቀድሞ ከያዘው መንገድ።
«ይህች ሴት ታስፈልጋለች ወይ?» ተብለው ባለ ሃያ መኪኖች ተጠየቁ፤
አላስፈለገችም። ዳኛውም ባላንጣውም እነሱ ናቸው፤ ተያይተው ሳቁ።
ነጭ ቫኗ ከደጅ ቆማ በረዶ ትለብሳለች፤
ሦስት ቤት አልፎ ወይዘሮ ክሬመር የነሱን መኪና ይጠብቃሉ፤ ዛሬም ቀረች።
ትርፌ ትባላለች ሚስቴ። ሰምና ወርቁን አንተ ፍታው፤
ሕጉ ትርፌን ቤት አስቀመጣት፤ ዕዳዬ ግን በእግሩ ይሄዳል፣ ከልካይ የለው።

ከዚያ ማክሰኞ እንግዶች መጡ። እነሱን አይደለም፣ ያየሁት ቅርጫቱን፤
የብስኩቱን ፍርፋሪ፣ የማኅበሩን አራት ካርድ፣ የስጦታውን ሪባኑን።
ከዚያች ሌሊት ወዲህ ደረሰኙ አልተንቀሳቀሰም ፈጽሞ፤
ዐሥራ ሰባት። ጥር አልፎ፣ የካቲት ሆኖ፣ ዐሥራ ሰባት ደግሞ።
ትርፌ በየንጋቱ «የት ደረሱ?» ትለኛለች፤
«ሃያ ገደማ» ብዬ እዋሻለሁ፤ ዝም ብላ የቫኗን ቁልፍ ሚስማሩ ላይ ታያለች።

አንድ ሌሊት እጄ ሄደ። ደረሰኙን አውጥቼ ያዝኩት፤
ወደ አርባ ሁለት ላሻግረው። ስገልጥ ግን ሃምሳ ስምንትን አነበብኩት፦
«የመንግሥት ሕንጻ ጽዳት ለጨረታ ይውጣ፤ የቋሚው ቅጥር ይገታ።»
መጥረጊያዬን ተደግፌ ቆምኩ።
ለካ የኔም አጥር አለኝ፤ ከውስጥ ሆኜ የምይዘው፣ መዝጊያው እንዳይፈታ።
ነፃ ገበያ መልካም ነው፣ የሚከፈተው የሌላው በር ሲሆን፤
ብስኩት ይዘው የመጡትን ረግሜ ነበር፤ እኔስ ብስኩቱ ኖሮኝ ቢሆን?

«ምከረው፣ ምከረው፤ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይባላል፤
መከራ ግን አድራሻ ይሳሳታል፤ ገዥ ሊመክር ወጥቶ ክሬመር ቤት ያድራል።

ደረሰኙን መለስኩት፣ ዐሥራ ሰባት ላይ፣ «እውነት?» ከሚለው ቃል ጎን።
አቧራዋን ጠረግሁ፤ እሱስ ሥራዬ ነው፣ ጨረታ እስኪሆን።

ስወጣ ቀና አልኩ፤ ከማማው ጫፍ ያ የነሐስ ዘሪ፣
ከረጢቱ ጎኑ ላይ፣ እጁ የተዘረጋ፣ ብርድ ላይ ብቻውን ቀሪ።
ስንት ዘመኑ ሊዘራ፤ ዘሩ አሁንም ከእጁ አልወጣ፤
ታች ግን የበረዶ መኪና፣ ጨው እየዘራ መጣ።