ማስታወሻ ቁጥር ዐሥራ ሰባት

ከጓሳው በላይ፣ ከገደሉ አፋፍ፣ አንድ ቋጥኝ አለ፣
ጋሽ አጎናፍር «ፖስታ ቤቱ» እያለ
የሚያላግጥበት፤
ኔትወርክ በቀን አንዴ ብቅ የሚልበት፣
ያውም ደመናው ካልተኛበት።

ከመሃል ሜዳ ወዲህ ሌላ ቦታ የለም፤
ነፋሱ ደግሞ ቆሞ ማሰብን አይወድም።
ጓንቴን በጥርሴ ስቤ፣ ስልኬን ሽቅብ ይዤ፣
በአንዲት ጣት ብቻ፣ ቀሪውን ደንዝዤ፣
የዕለቱን እጽፋለሁ፣ ሳይቀዘቅዝብኝ፣
ማታ በሞቀ ክፍል ሐረጉ ሳያምርብኝ።

ርእስ፦ ማስታወሻ፣ ቁጥር ዐሥራ ሰባት።
ለሠላሳ ሁለት ሰው፣ በአንድ ኢሜይል፣ በአንዲት ቅጽበት።

«ጠዋት፣ ዐሥራ ሁለት ተኩል። ሣሩ አመዳይ ለብሷል።
የትናንቱ ኮቴ ከነቅርጹ ደርቋል።
ሃያ ክንድ በሃያ ክንድ፣ የፍልፈል ጉድጓድ አርባ አንድ፤
አጠገቡ ደርቆ የቆመ ጅብራ፣ መብረቅ እንደ ላሰው ግንድ።
ቀይ ቀበሮ፦ ሦስት። አንዱ ከምንጩ ማዶ፣
አንዱ ከመንገዱ ሥር፣ አፍንጫውን ጉድጓድ ሰዶ፣
ሦስተኛው በጭጋጉ ውስጥ፣ እንደ ፍም ነዶ
የጠፋ።»

ላክሁት።

አማካሪዬ ዶክተር ምንተስኖት ይህን አይወድልኝም።
«ጥናት እንደ ጠላ ነው» ይለኛል፣ «ጥንስሱ አይቀዳም፤
ድፍድፉ ሳይጠልል ጎረቤት አይጠራም።»
እውነቱን ነው፤ ለጠላ።
እኔ ግን አንድ ደብተር አውቃለሁ፣ ጠርዙ በአይጥ የተበላ፣
ደብረ ብርሃን ካለው ቢሮ፣ ከመደርደሪያው ሥር፣
የአሥራ ስድስት ወር ዝናብ፣ መስመር በመስመር፤
የጻፈው ሰው ስሙ ከሽፋኑ ጋር ጠፍቷል፤
የመጨረሻው ገጽ፣ በእርሳስ፣ እንዲህ ይላል፦
«ነገ ተመልሼ አየዋለሁ።»
ከዚያ ወዲያ ያለውን ባዶ ወረቀት ቆጥሬአለሁ።

ስለዚህ እልካለሁ። ጥሬውን፣ ከነገለባው፤
አንዱ ዘንድ ይድረስና ነፋስ ይለየው።

ማታ ከጥበቃ ሲመለስ፣ ጋሽ አጎናፍር፣
የቦቲውን ጭቃ ሲያራግፍ ከበር፣
(እሱ የጻፈው የለም፣ በጣቱም አይቆጥርም፣
የእያንዳንዱን ጉድጓድ ባለቤት ግን እንደ ጎረቤቱ ደጅ አይስተውም)
«እስኪ አንብቢልኝ» አለ፣ «ስለ አገሬ ምን አልሽ?»
አነበብኩ። ዝም። ከዚያ፦ «ሦስት ነው ያልሽ?
የመንገዱ ሥሩ፣ ቀኝ ጆሮው ቆራጣ ነው?»
«ነው።» «የምንጩ ማዶስ?» «ሩቅ ነበር፤ ጆሮውን ማን ሊያየው!»
«የጭጋጉስ?»
ዝም አልኩ።
«አይ ልጄ» አለ፣ የማይስቅ መስሎ እየሳቀ፣
«አንቺ ሦስት አላየሽም፤ ምን ትሆን ብሎ ሲዞርሽ፣
አንዱ ነው፣ ሦስቴ ያየሽ።»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ፤ እኔ ደግሞ ያወጣሁት አፋፍ ላይ ቆሜ ነው።
ሠላሳ ሁለት ሰው ዘንድ ሦስት ቀበሮዎች አደሩ፤
ምናልባትም በአንዱ ሠንጠረዥ ውስጥ ታሰሩ።
ብርድ ልብሴን ስገለብጥ ሌሊቱ አለቀ፤
ጎሕ ሳይቀድ ወጣን፣ ሣሩ ከእግራችን ሥር ደቀቀ።

«እርማት፤ ለቁጥር ዐሥራ ሰባት። ቀበሮ፦ አንድ።
ሁለቱ የኔ ዓይን ናቸው። ያረመኝ፦ አጎናፍር...»
«የአባቴንም ስም ጻፊ» አለ ከኋላዬ፣ «በመንዝ ምድር
ስንት አጎናፍር አለ መሰለሽ!» ጨመርኩ፦ «ወልደየስ፤
የጓሳው ጠባቂ።» ምልክቷ ዞረች፣ ዞረች፤ እስኪደርስ
ጣቴን ብብቴ ሥር ከተትኩ።

ከእኛ በታች፣ ከአመዳዩ መሃል፣ አንድ ነገር ተነቃነቀ፤
ጆሮ ቆራጣው፣ አፍንጫው ላይ አፈር እንደ ደረቀ፣
ቀና ብሎ አየን።

«አራት» አለ ጋሽ አጎናፍር።

ስልኬን ኪሴ ከተትኩና ዝም ብዬ ታየሁ።