ቡላ በብር ላይ

ሃይፋ፣ ሃዳር ሰፈር፣ ደረጃው ወገብ ላይ፣
አንዲት ጠባብ ሱቅ አለች፣ ጀርባዋን ለባሕሩ የሰጠች፣ መርከብ የማታይ።
ጌታዋ ሄርሽኩ፣ በልጅነቱ ከሩማንያ የመጣ፣
ያችን ትንሽ ማጉያ መነጽር ካይኑ የማያወጣ፣
ፊት ነው የሚሸጠው፤
በብር የተቀረጸ፣ በወርቅ የተቀረጸ፣ ተራ ቁጥር የተሰጠው።
እኔም በነጭ ጓንት፣ ጠዋት ሱቅ ስንከፍት፣
አቧራ እጠርጋለሁ ከዝነኞች ግንባር፣ ከዝነኞች አንገት።

የላይኛው ትሪ የታላላቆች ነው፦
ስንዴን ከዋግ በሽታ ያተረፈ፣
ሚስቱን ቀብሮ ማግስቱን ሰባት ግጥም የጻፈ፣
ጸጉሯን እንደ ወንድ የተቆረጠች ዳኛ፣
ደግሞ አንድ ጉንጨ ሙሉ፣ ስሙ የሚያስቸግረኝ ሙዚቀኛ።
ከሥሩ ያለው የሌሉት ነው፤ ከተረት መጽሐፍ ወጥተው ብር ላይ የሰፈሩ፣
ሳይወለዱ የኖሩ፣
ስለዚህም ሳይሞቱ የተከበሩ፦
ጨረቃን በጃንጥላ ዘንግ የምታወርድ ልጅ፣ መነጽር ያጠለቀ ዝይ፣
አንዲት አህያም አለች፣ አንገቷን ጠምዝዛ ወደ ኋላ የምታይ።

ባለፈው ማክሰኞ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ አባቴ ደረሰ፤
ከቂርያት ሐይም በሁለት አውቶቡስ፣ የሰንበት ኮቱን እንደለበሰ።
እግሩን ሦስት ጊዜ ጠረገ ደጃፉ ላይ፤
ሄርሽኩ ተነሣለት፣ ለማንም ሲነሣ የማይታይ።

አንጥረኛ ነበር እዚያ አገር፣ ከጎንደር ማዶ።
ጠገራ ያመጡለታል፤ እሱም ፍሙን አንድዶ
ብር ላይ ያለችውን ሴት ያቀልጣታል፤
ጉትቻ ትሆናለች፣ ያንገት ድሪ ትሆናለች።
«ስንት ሺህ ጊዜ» ይላል፣ «ያንዲትን ሴት ፊት አጠፋሁ፣
ማን ነሽ እንኳ ሳልላት ወናፌን ነፋሁ።»
ቀን ማረሻ ሲያበጅላቸው እጁን የመረቁት፣
ሲመሽ ጅብ ይሆናል ብለው በር ዘጉበት።

ማጉያውን ተቀበለኝ። ጎንበስ አለ።
«ይሄ ምን ሠራ?»
«ግጥም ጻፈ።»
«ይቺስ?»
«ፈረደች።»
«ይሄስ?»
«ስንዴ አዳነ፣ አባ።»
«እሱስ ይገባዋል» አለና ሐሳብ ውስጥ ገባ።

«ጀጃው ግን» አለ፣ «ወንድሜ፣ ፎቶግራፍ እንኳ የለው።
ገዳሪፍ ሳንደርስ ነው አሸዋ ያለበስነው።
ብር ላይ የወጣ ቆየ፤ ብር ያለውን ማን አየው?»

ጣቱ ወደ ታች ወረደ። «ይቺስ?»
«እሷማ የለችም፣ ተረት ናት» አልኩት፣ «ልጆች ጭና ዓለምን የዞረች።»
ቀና ብሎ አየኝ።
«እናቴን ጭና መተማን የተሻገረች
ቡላ አይደለችም? ጀጃው ሲወድቅ የቆመች፣
እንዲህ አንገቷን ጠምዝዛ አልሄድም ያለች?
‹አህያውን ፈርቶ ዳውላውን› ይላል ሰው፤
እኛ ሽፍታውን ፈርተን
አህያዋን መታን።
ሦስት ሆነን መታን።
ገዳሪፍ ገበያ ላይ ለዱቄት ሸጥናት፤
አንድ ሳምንት በላናት።»

ከኮቱ ውስጥ ኪስ ሦስት መቶ ዘጠና ሸክል፣ ምራቅ በነካ ጣት።
አማርኛ የማያውቀው ሄርሽኩ አርባውን መለሰለት።
አገር ሙሉ ጅብ ሲለው የኖረ ሰው፣ በስተርጅናው አህያ ገዛ፤
ልናገር ብዬ ተውኩት፤ አንዳንዱ አይነገርም፣ ቢመስልም ዋዛ።

«ብቻ በጣት አትንካት» አለ ሄርሽኩ በዕብራይስጥ፣ «ዋጋዋ ይወርዳል።»
ተረጎምኩለት።
አባቴ ግን ክዳኑን ፈልቅቆ ነበር። አውራ ጣቱን፣
ያንን ፍም የለመደውን፣ ጫፉ የማይሰማውን፣
ብሩ ላይ አሳረፈ፤ ጀርባዋን አሸ፣ ቀስ ብሎ፣ ክብ በክብ።
ሄርሽኩ ዐይኑን ሸፈነ።
«ይውረድ» አለ አባቴ። «ጭነቱ ከወረደ ወዲያ
መታሸት አለበት ጀርባው ያህያ።»