ባሕሩ የወጣ ዕለት

ባሕሩ ወጥቷል ዛሬ ቤቱን ከፍቶ ትቶ፣
እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይመለስም ከቶ፤
ጭቃው እስከ አድማስ ተንጣሏል አብርቶ።
በእኛ በፍሪስላንድ አመሉ ነው ባሕር፣
በቀን ሁለት ጊዜ ይወጣል ለመዞር።

ልጆቹ አሥራ አንድ፤ ሃያ ብቻ ጫማ
ከግድቡ ሥር ቀርቷል፤ አንዱ አልተስማማ።

ትያርክ ይባላል፤ ስምንት ሞልቶታል፤
ዓሣ ነባሪ ስንት ቶን እንደሆን ያውቃል፤
የሻርክን ጥርስ ቁጥር በቃሉ ይጠራል፤
ጭቃ ግን… «አይ፣ እኔ እዚሁ ይሻለኛል።»

እኔም አልሻልም፤ ሌሊቱን ነቅቼ
የወፍ፣ የትል ስም ከመዝገብ አውጥቼ፣
ሰባት ገጽ ትምህርት መጣሁ አዘጋጅቼ።
«እንግዲህ ልጆች» ብዬ አፌን ስከፍተው
ነፋስ ሰባቱንም ከእጄ ነጠቃቸው፤
እንደ ዳክዬ መንጋ በጭቃው በረሩ፤
አሥሩም እየጮኹ ሊይዙ አባረሩ።

አንዷ ገጽ ብቻዋን በውሃ ተጣብቃ
ከትያርክ ፊት ለፊት ቀረች በዚያ ጭቃ።
ሊያነሣት ጎንበስ አለ፤ ቆየ፤ አልተነሣም፤
ጆሮው መሬት ደርሷል፤ ስጠራው አይሰማም።
«ይንሾካሾካል» አለ ዞሮ ሳያየኝ፤
«ጭቃው እኮ ያወራል! ኑ! ዝም በሉልኝ!»

ዝም አልን።
ጭው ባለው ሜዳ ላይ ነፋስ ጋብ ሲልልን
አሥራ ሁለት ጆሮ መሬት አስጠጋን።
እሳት እንደነካው ተልባ ይንጫጫል፤
ስንት ሺህ ትንሽ ፍጥረት ደጁን ይከፍታል፣
ስንት ሺህ ይዘጋል።

የማን ድምፅ እንደሆነ እኔ አውቀው ነበር፤
ገጽ ሦስት ላይ አለ ከነስሙ ጭምር።
ምላሴን ነከስሁ።

ጫማውን ሳይፈታ፣ ካልሲውን ሳያወልቅ
ገባበት ትያርክ፣ ጭቃው ጭልቅ ጭልቅ!
የግራ እግሩ ወጣ፣ ጫማውን ጭቃ ውጦ፤
አላለቀሰም፤ ሳቀ ጥርሱን ገልጦ፤
ቀኙን ራሱ አወለቀ።

ትል ውጦ የጣለው አሸዋ ተጠቅልሎ
ሲያገኝ ሜልፍ ጮኸ «ፓስታ ተገኘ!» ብሎ።
ፌንያ ሸርጣን ይዛ ጣቷን ቢቆነጥጣት
እሷው ይቅርታ አለችው፣ ጥፋቱ የእሷ መስሏት።
ሌሎቹን አላየሁም፤ በየጉድጓዱ አፍ
በሆዳቸው ተኝተው ነበር፣ ቂጣቸው ላይ ወፍ
ቢያርፍም የማይሰሙ።

ስምንት ተኩል ሲሆን ከወዲያ ከአድማሱ
ቀጭን ነጭ መስመር፤ ባለቤት ነው እሱ።
«በሉ» አልኳቸው፣ «ልጆች፣ ቤት ጠባቂ አይደለን፤
ባለቤቱ መጣ፤ እንሂድ ቤት ለቀን።»

ትያርክ ወደ ኋላ ሦስቴ ዞሮ አየና
«ጫማዬስ?» አላለም። እጄን ጎተተና
«እነዚያ ትንንሾች፣ ውሃው ሲደርስባቸው
ይዘጉታል ወይስ ይከፍቱታል ደጃቸው?»

አላውቅም ነበረ።
ሰባቱም ገጽ ላይ የለም።
«አላውቅም» አልኩት፤ ደስ አለው መሰለኝ፤
ጭቃ የለበሰ እጁን እጄ ላይ ተወልኝ።

ግድቡ ላይ ወጥተን ውሃው ገባ እቤቱ፤
ማንም አልጠየቀ ስንት ነው ሰዓቱ።
አንድ የግራ ጫማ ከታች አለ ዛሬም፤
ማን እንደተከራየው ገና አላጣራንም።