ትንሿ ብሎን

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣ የቆርቆሮ በሬን ሳነሳው
ቀድሞኝ ገባ የአዳማ ነፋስ፣ ኪራይ ከፋይ እንደሆነ ሰው፤
ሸራውን አንኳኳ፣ ደረሰኜን በተነ፣
አቧራውን ወንበሬ ላይ አስቀምጦ በነነ።
ጠረግኩት። ተቀመጥኩ። አጉሊ መነጽሬን አወረድኩ፤
የጋሽ ደበላን ስልክ ሆድ በስስ ላሜራ ከፈትኩ።
የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነው፤ ስልኩ ሚሌ ላይ ዝም አለ፤
«እስከ አስር ሰዓት፣ አደራ!» ያለኝ ቃል
እንደ ሎቲ ጆሮዬ ላይ ተንጠለጠለ።

አራት ብሎን ነው ያለው። አንዷ ከጤፍ ቅንጣት ታንሳለች፤
በመቆንጠጫ ሳነሳት፣ ትንፋሽ ቢያመልጠኝ ትበራለች።
ስለዚህ አልተነፍስም። ያለኝ ዓይን ሁሉ አንድ ነጥብ ላይ ተሰብስቧል፤
ጎማ ቤቱ፣ ባጃጁ፣ ጋሪው፣ ፍራንኮ ሰፈር በሙሉ ወደ ኋላ ቀርቷል።

ዝሪሪሪ!

የማን ነው? የኔ አይደለም። ከመደርደሪያው ሰባተኛው፣
ስክሪኑ የተሰነጠቀ፣ ባለቤቱ ያልወሰደው።
«ሚጡ ባንክ» ይላል ስሙ። ሚጡ ምን ፈልጋ ይሆን?
ባንኩስ ምን አጋጠመው? ብድር ይሆን? ሠርግ ይሆን?
ሦስተኛው ደግሞ ጮኸ፣ «አታንሺው» የሚል ስም አወጣ፤
የማላውቃቸው ሰዎች ጠብ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣ።

ቀና አልኩ። ለአንድ አፍታ።
ብሎኗ የለችም።

በዚሁ መሃል ወንድይፍራው ከጎማ ቤቱ ብቅ ብሎ
«ሌንሴ፣ የትናንቱን ጨዋታ አየሽው?» ይላል፣ ክርኑን በሬ ላይ ጥሎ።
አላየሁም። መሬት ላይ ነኝ፤ በጉልበቴ እየዳህኩ፣
በማግኔት ወለሉን እንደ ዶሮ እየጫርኩ።
የሲም ካርድ ስብርባሪ፤ የከረመ ሃምሳ ሳንቲም፤
አምና ጠፍታ ያለቀስኩላት ጉትቻዬ፤ ብሎኗ ግን የለችም።
ነፋሱ ቆርቆሮውን እየጎሸመ ይስቅብኛል፤
«ወስጃት ከሆነስ?» እያለ፣ «ሞጆ ናት አሁን» ይለኛል።

ቀትር ላይ አገኘኋት፣ የሹራቤ እጅጌ ላይ ተሰክታ፣
እኔ መሬት ስፈትሽ ከእኔው ጋር እየዳኸች፣ ሰልችታ።

ያን ጊዜ ተነሣሁ። የመደርደሪያውን ስልክ ሁሉ አንድ ባንድ አጠፋሁ፤
የራሴን፣ ከሁሉም የባሰችውን፣ የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ዘጋሁ።
ታጉረመርማለች እዚያ ሆና፣ እንደ ተያዘች ጢንዚዛ፤
የእህቴ ልጅ ሠርግ ኮሚቴ ነው፣ ስለ ድንኳን ቀለም የሚሟገት እንደ ዋዛ።

ከበሬ ትይዩ፣ ኮረብታው ላይ፣ የነፋስ ማመንጫዎቹ ይታያሉ፤
የመጣ ነፋስ ሁሉ ይገፋቸዋል፤ አይከተሉትም፤ ባሉበት ይሽከረከራሉ።
ከነሱ ልማር ብዬ ነበር። ግን እኔ ብረት አይደለሁም፤
ነፋስ ሲነካኝ መብራት አልሰጥም፣ «ማነው?» ሳልል አላልፍም።

ስምንት ሰዓት። ዘጠኝ ሰዓት።
የቦርዱን መስመር ተከተልኩ፣ እንደ መንገደኛ በጨረቃ፣
እስከ ተቃጠለችው ነጥብ። አንዲት የሊድ ጠብታ፣
አንዲት የጭስ ክር፣ ደቃቃ።
ረሃቤን ረሳሁት፤ ወንድይፍራውንም ረሳሁ፤
ከዚህ ሁሉ ቀን ውስጥ፣ የኔ የምለው ሁለት ሰዓት አገኘሁ።
አንድ። ሁለት። ሦስት። ጤፏም ቦታዋን ያዘች፤
ቁልፉን ስጫን ስክሪኗ በራች፣ እንደ ሕፃን አዛጋች።

ጋሽ ደበላ አስር ከሩብ መጣ። ከፈለኝ።
«እጅሽ ይባ…» ሊል አፉን ሲከፍት፣
ዝሪሪሪ።
«ሃሎ? አዎ፣ ተሠራ!» አለና ዞረ፤ ጣቱ ስክሪኗ ላይ እየሮጠች፣
አንገቱን ደፍቶ አስፋልት ገባ፤ ባጃጅ ለጥቂት ሳተችው፣ አለፈች።
ዓይኔን ሳልነቅል የሠራሁት፣ ዓይኑን እንዳይነቅል ሆነ፤
ልጠራው አፌን ከፈትኩ፤ ነፋሱ ቃሌን በተነ።

ጣሳውን ከፈትኩ። መቶ አርባ መልእክት።
ድንኳኑ ነጭ እንዲሆን ተወስኗል።
ያለ እኔ።