ቡሎኑ አልፈረመም

ዳኛዋ ፈታችን በአሥራ አንድ ደቂቃ፤
ሻዬ እንኳ አልበረደም ችሎቱ ሲያበቃ።
ከካርናርቨን ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ አሰላሁ፦
ቤቱ ለኢድዋል ሆነ፣ ጀልባውም ለኢድዋል፤
ሞሪሷ የኔ ናት። እሷን ማን ይፈልጋል?
ጋራዡ ጥግ ቆማ ዶሮ የፈለፈለባት፣
ከስልሳ ስምንት ወዲህ የባሕር ጨው የላሳት።

ክሪኩን አስገባሁ፣ በጀርባዬ ተኛሁ፤
ከኋላ ባሌስትራ ሥር አንተን አገኘሁ።
ራስህ የደረቀ ቁስል፣ ጥርስህ በዝገት ተከድኖ፣
ወገብህ ከጎሚኒው ብረት ጋር አንድ ሥጋ ሆኖ።

አውቅሃለሁ አንተን፣ አንተን እልኸኛ ቡሎን፤
ያጠበቀህ ኢድዋል ነው፣ በሠርጋችን ሰሞን።
ቁልፉ ላይ ቧንቧ ሰክቶ፣ ትንፋሹን ቋጥሮ፣
«ይህን የሚፈታው አልተወለደም» አለ፣ ደረቱን ወጥሮ።
ግሪስ ግን አልቀባህም፣ አንዲት ጣት እንኳ፤
ማጥበቅ ብቻ ነበር የተማረው ለካ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ፦ የሚሰርስር ዘይት ረጨሁ፤
ጠዋትና ማታ፣ እንደ አስታማሚ፣ በጠብታ ሰጠሁ።
እሑድ ዝናብ ነው። ፖርትማዶግ መቼ ያባራል?
ዳዶው ዞረ! ዘለልሁ፤ ግንባሬ ከሻንሲው ተጋጨ።
ዳዶው ዞረ እንጂ ምን ዋጋ አለው፣ አንተ አብረህ ትዞራለህ፤
ልክ እንደ ኢድዋል፣ «እሺ፣ እሺ» እያልህ
ባለህበት ትቀራለህ።

ሁለተኛው ቅዳሜ፦ መዶሻ።
ከዚያ ከሱ የሚከብደው።
ከዚያ ስድብ፣ በዌልስኛም፣ በእንግሊዝኛም።
ኢድዋል ፈርሟል፤ እኔም ፈርሜአለሁ፣ በሰማያዊ ቀለም፤
አንተ ነህ የቀረኸው። አንተ አልፈረምህም።

ስድስቱ ጠርዝህ ተላጠ፣ ቁልፉ መያዣ አጣ፤
ከአጥር ማዶ ሳል መጣ።
ቴግወን ናት፣ ሰማንያ ሁለት ዓመቷ፣ ትራክተር ያሳደጋት ልጅ፤
ጓንት በጓንት ደርባ፣ ሴጌቶ በእጅ።
«ልጄ፣» አለች፣ «መፍታት ያቃተሽን መቁረጥ ነውር አይደለም፤
ብረት ነው። ብረት አይቀየምም።»
ጎንበስ ብላ ስለቱን በአውራ ጣቷ እየዳሰሰች፣
«እኔን የፈታኝ ባሕር ነው» አለች፤
ቀጥላም ስለ ስለቱ ጥርስ፣ ሠላሳ ሁለቱ እንደሚሻል አወራች።

ተራ በተራ ቆረጥን፤
እሷ ስትደክም እኔ፣ እኔ ስደክም እሷ።
ቀይ ዱቄት ቅንድባችን ላይ ዘነበ።
አራት ስለት ሰበርን።
ዶሮዎቹ እንኳ ሰልችቷቸው ወጡ።
ከዚያ፣
ጠቅ።

ባሌስትራው የያዘውን የዘመን ትንፋሽ ለቀቀ፤
ሞሪሷ ወገቧን አንዴ ነቅነቅ አድርጋ ዝም አለች።

ግማሽህ መዳፌ ላይ ነው። ትኩስ፣ አሁን እንደተጣለ እንቁላል።
የተቆረጠው ፊትህ አዲስ ሳንቲም መስሎ ያበራል፤
ዝገት ለካ ቆዳ ብቻ ነው። ይህ ትንሽ ያናድዳል።

ማታ አዲሱን ቡሎን ከወረቀቱ ፈታሁት፤
ግሪሱን በጣቴ፣ ጥርስ በጥርስ፣ ሳልሰስት ቀባሁት።
ቴግወን ሳቀች፤ «ዳቦ ነው እንዴ?»
ሮንዴላ፣ ዳዶ፤ አጠበቅሁት በልኩ፤
ቧንቧ ሳልሰካ፣ ደረት ሳልወጥር።
አንድ ቀን ሌላ ሰው እዚህ በጀርባው ይተኛል፤
ስሜን አያውቅም፣ የኔን ቅዳሜዎች አያውቅም፤
ቁልፉን ሰክቶ፣ ለትግል ጥርሱን ነክሶ ይስባል፣
ቡሎኑም ያለ አንዳች ክርክር ይፈታል፤
ሰውዬው ምናልባት ቅር ይለዋል።

አንተን በጃም ጠርሙስ ውስጥ፣ መስኮቱ ላይ አኖርኩህ።
ከሞሪሷ ሥር ገና ሦስት ወንድሞችህ አሉ።
ነገ እሑድ ነው። ዝናብ ይላሉ።